ከሸማ ተራ እስከ ቡካሬስት፤ ስለ ዓለም አቀፉ የተማሪዎች የሒሳብ ውድድር ታሪክ

የእግር ኳስ ግጥሚያ ሲኖር የትምህርት ቤታችን ሜዳ በጭብጨባና በጩኸት ይናወጣል፤ ዋንጫ የተገኘ እንደ ሆነም በርእሰ መምህሩ ቢሮ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። የሒሳብ ውድድር ግን ከበሮ የለውም፤ የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነው። በዚህ በምሥረታ በዓላችን መጽሔት ስለ ስፖርቱ፣ ስለ ድራማ ክበቡና ስለ ቀድሞዎቹ መምህራን የሚጽፉ ጓደኞች ስላሉኝ፥ እኔ ከበሮ ስለሌለው ውድድር ጥቂት ለመጻፍ ፈቀድኩ። ነገሩ ከውጭ አገር የመጣ ስለ ሆነ ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የኛን አቆጣጠር ስጠቅስ ግን ዓ.ም. እላለሁ።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣችኝ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈች አንዲት ክፍልፋይ ናት። ባለፈው ዓመት የሒሳብ መምህራችን ደወሉ ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፥ ከላይ 21ሀ + 4፣ ከታች 14ሀ + 3 ብለው ጻፉና «ሀ የፈለጋችሁት ሙሉ ቁጥር ይሁን፤ ይህ ክፍልፋይ በምንም ቁጥር ሊቃለል እንደማይችል አረጋግጡ» አሉን። እኛም ሥራውን ጀመርን። ሀ 1 ሲሆን 25 ለ17 ሆነ፤ አይቃለልም። 2 ሲሆን 46 ለ31፤ ይህም አይቃለልም። 3 ሲሆን 67 ለ45። አንድ ፈጣን ጓደኛችን እስከ 20 ድረስ ከሠራ በኋላ «ጨረስኩ፥ ጋሼ» ብሎ እጁን አወጣ። መምህሩ ፈገግ ብለው «ሃያ ጊዜ እውነት የሆነው ነገር በሃያ አንደኛው ሐሰት ቢሆንስ?» አሉት። መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም። ደወል ተደወለ። መምህሩ ሰሌዳውን ሳያጠፉ ሲወጡ፥ ይህች ጥያቄ በ1959 በሩማንያ አገር በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሒሳብ ኦሊምፒያድ ላይ የቀረበች የመጀመሪያዋ ጥያቄ መሆንዋን ነገሩን።

በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር፥ ማለትም በኛ በ1951 ዓ.ም. ክረምት፥ ከሰባት አገሮች የተላኩ 52 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በብራሾቭና በቡካሬስት ከተሞች ተሰበሰቡ። አገሮቹ ሩማንያ፣ ሀንጋሪ፣ ቼኮዝሎቫኪያ፣ ቡልጋሪያ፣ ፖላንድ፣ ምሥራቅ ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ነበሩ። ሁሉም ስምንት ስምንት ልጆች ሲልኩ ሶቪየት ኅብረት የላከችው አራት ብቻ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ቲቤሪዩ ሮማን የሚባል የሩማንያ የሒሳብ መምህር ሲሆን፥ በቡድን ብዙ ነጥብ ያገኙትም ባለቤቶቹ ሩማንያውያን ሆኑ። መቼም በገዛ ሜዳ መጫወት እንደሚጠቅም እኛ እናውቃለን።

የውድድሩ ሥርዓት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመጠኑ ቢሻሻልም መሠረቱ አልተለወጠም። ፈተናው ሁለት ቀን ነው። ጥያቄው ስድስት ብቻ ሲሆን፥ በየቀኑ ለሦስት ጥያቄዎች አራት ሰዓት ተኩል ይሰጣል። እያንዳንዱ ጥያቄ ሰባት ነጥብ ስላለው ሙሉው ውጤት 42 ነው። አንድ አገር ከስድስት ተማሪዎች በላይ አይልክም፤ ተወዳዳሪውም ከ20 ዓመት በታች የሆነና ዩኒቨርሲቲ ያልገባ መሆን ይገባዋል። ከተወዳዳሪዎች ግማሽ ያህሉ ሜዳልያ ያገኛሉ፤ ለአንድ ወርቅ ሁለት ብርና ሦስት ነሐስ በሚሆን መጠን ይከፋፈላል። ጥያቄዎቹም ወደየአገሩ ቋንቋ ተተርጉመው፥ ተማሪው በለመደው ቋንቋ እንዲያነብና እንዲጽፍ ይፈቀድለታል። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይህ ነው። አማርኛ የሚጠይቅ ተማሪ ቢገኝ የውድድሩ ሥርዓት አይከለክለውም ማለት ነው።

የእንዲህ ያለው ውድድር ሥር ግን ከ1959 በፊት ርቆ የሄደ ነው፤ ሥሩንም የምናገኘው በአንድ የተማሪዎች መጽሔት ውስጥ ነው። በሀንጋሪ አገር ጊዮር በምትባል ከተማ ዳንኤል አራኒ የተባለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበረ። ይህ ሰው በ1894 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሒሳብ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። መጽሔቱ በየወሩ ጥያቄ ያወጣል፤ ተማሪዎች ከየአውራጃው መልሳቸውን በፖስታ ይልካሉ፤ የተሻለው አሠራር ከላኪው ስም ጋር ይታተማል። እየቆየም የብርቱዎቹን ተማሪዎች ፎቶግራፍ ያወጣ ጀመር። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ አስቡት፤ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ የሚኖር የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፥ ክፍልፋይ በማቃለሉ ፎቶግራፉ በአገሩ ሁሉ ሲታይ! በኋላም የመጽሔቱን አዘጋጅነት የተረከበው ላስሎ ራትስ በቡዳፔስት ያስተምር ነበር፤ ከተማሪዎቹም አንዱ ለኮምፒውተር መፈጠር ትልቅ ድርሻ ያለው ጆን ፎን ኖይማን ነበረ።

በዚያው በ1894 ሎራንድ ኧትቨሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም፥ የሀንጋሪ የሒሳብና የፊዚክስ ማኅበር ለሹመቱ ክብር የተማሪዎች ውድድር አቋቋመ። ለሹመት ደስታ ሰንጋ የሚታረድበት አገር ብዙ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ግን ሦስት ጥያቄ አወጡ። በ1898 ያሸነፈው ልጅ ቴዎዶር ፎን ካርማን ኋላ የአውሮፕላንን በረራ በሒሳብ ካጠኑት ታላላቆች አንዱ ሆነ። በ1925 ካሸነፉት አንዱ የአቶም ሊቁ ኤድዋርድ ቴለር ነው። ስለ ሒሳብ ጥያቄ አፈታት የታወቀ መጽሐፍ የጻፈው ጆርጅ ፖልያ ግን በተማሪነቱ ፈተናው ላይ ተቀምጦ ወረቀቱን ሳያስረክብ ወጣ ይባላል። ይህን የጻፍኩት በፈተና ቀን ብርክ የሚይዛቸው ጓደኞቼ ይጽናኑ ብዬ ነው።

ብዙ ሰው ሀንጋሪያውያን በሒሳብ መበርታታቸውን ሲሰማ «ተፈጥሮ ነው» ይላል። እኔ በበኩሌ አልስማማም። ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ ከ1894 በፊት የነበሩት ልጆቻቸውም በዚያው ብዛት በታወቁ ነበር። የተለወጠው የልጆቹ ጭንቅላት አይደለም፤ በየወሩ ጥያቄ የሚያወጣ መጽሔትና መልሳቸውን እየተቀበለ የሚያነብ መምህር ስላገኙ ነው። ያውም መጽሔቱን የጀመረው ሚኒስትር ሳይሆን በአንድ ከተማ የሚያስተምር መምህር ነው።

ከ1959 በኋላ ውድድሩ በየዓመቱ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በ1967 ታላቋ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይ፣ ኢጣልያና ስዊድን ገቡበት፤ አሜሪካ በ1974 ተጨመረች። በመካከሉ የተቋረጠው አንድ ጊዜ ብቻ፥ በ1980 ነው። በ1974 በምሥራቅ ጀርመን በኤርፉርት ከተማ የሆነውን ግን በችኮላ ማለፍ አይገባኝም። በዚያ ዓመት ቬትናም ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ተማሪዎች ላከች። ጦርነቱ ገና አላለቀም ነበር። እነዚያ ልጆች ያደጉት የአውሮፕላን ድብደባ በሚወርድበት አገር ነው፤ ነገር ግን ከአምስቱ አንዱ የወርቅ ሜዳልያ ይዞ ተመለሰ። ከነሱ በኋላ የመጣው ቬትናማዊ ንጎ ባኦ ቻው በ1988 እና በ1989 ወርቅ አግኝቶ፥ በ2010 ፊልድስ የተባለውን፥ ዕድሜያቸው ከአርባ ላልዘለለ የሒሳብ ሊቃውንት የሚሰጠውን ከፍተኛ ሜዳልያ ተሸለመ። እኛ የመብራት መጥፋትን ለደካማ ውጤት ምክንያት አድርገን ስናቀርብ፥ እነዚያን አምስት ልጆች ማስታወስ ሳያስፈልገን አይቀርም።

የሴት ተማሪዎችንም ነገር ላንሣ። ማርያም ሚርዛካኒ የምትባል ኢራናዊት በ1994 በሆንግ ኮንግ የወርቅ ሜዳልያ አገኘች፤ በሚቀጥለው ዓመት በካናዳ አገር በቶሮንቶ 42 ከ42 አግኝታ በድጋሚ ወርቅ ወሰደች። በ2014 ፊልድስ ሜዳልያን ስትቀበል ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች፤ የሚያሳዝነው በ2017 ገና በአርባ ዓመትዋ ዐረፈች። በክፍላችን «ሒሳብ የወንድ ነው» የሚሉ ሁለት ልጆች አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ በጣም የታወቀው በ1988 በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ የቀረበው ስድስተኛው ጥያቄ ነው። ሁለት ቁጥሮችን ሀ እና ለ እንበላቸው። ሀን በራሱ፣ ለንም በራሱ አባዝተን እንደምር፤ ድምሩንም ለ«ሀ ሲባዛ በለ ሲደመር አንድ» እናካፍል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፥ የሚገኘው ቁጥር ሁልጊዜ የአንድ ቁጥር የራሱ ብዜት ነው፤ ይህን አረጋግጡ ይላል። ለምሳሌ 2 እና 8 ብንወስድ 4 እና 64 ተደምረው 68 ይሆናሉ፤ ለ17 ሲካፈል 4 ይደርሳል፤ 4 ደግሞ 2 ጊዜ 2 ነው። ጥያቄውን የመረጡት አዘጋጆች ራሳቸው ሊፈቱት አልቻሉም፤ ለታወቁ የአውስትራሊያ የቁጥር ሊቃውንት ቢሰጥም በተሰጣቸው ሰዓት አልፈቱትም። ፈተናው ላይ በወጣ ጊዜ ግን 11 ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ አገኙበት። በዚያው ውድድር ወርቅ ያገኘው የዐሥራ ሦስት ዓመቱ አውስትራሊያዊ ቴሬንስ ታኦ እንኳ፥ ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት የሚቈጠረው ማለት ነው፥ በዚህች ጥያቄ ከሰባት ያገኘው አንድ ብቻ ነው።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ፥ ከአፍሪካ አስቀድማ የገባችው አልጄሪያ ናት፤ በ1977። የአፍሪካ የሒሳብ ማኅበር በ1976 በሞሮኮ በራባት ከተቋቋመ በኋላ በ1987 የመላው አፍሪካ የሒሳብ ኦሊምፒያድን ጀመረ። ዓለም አቀፉ ውድድር ራሱ የአፍሪካን መሬት የረገጠው በ2014፥ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕታውን ሲሆን፥ ከ101 አገሮች 560 ተማሪዎች ተገኝተውበታል። ከሰባት አገሮች ወደ 101፣ ከብራሾቭ ወደ ኬፕታውን ለመድረስ 55 ዓመት ፈጀ። ከኛ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ በዚያ ወንበር የተቀመጠ ተማሪ የለም።

አሁን ወደ ጥቁር ሰሌዳዋ ክፍልፋይ ልመለስ፤ ያለ እርስዋ ይህ ጽሑፍ አይጨረስም።

ጥያቄዋን በደብተሬ ይዤ ሦስት ቀን ተሸከምኳት። ቅዳሜ እንደ ልማዴ አያቴን ለማገዝ ወደ ሸማ ተራ ሄድኩ። ገበያችን መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወዲህ ሲተከል ስሙንም ከጣልያንኛ የወሰደ ቢሆንም፥ የሸማ ነጋዴ ክንዱን ከጣልያን አልተበደረም። አያቴ ዛሬ በሜትር ይሽጡ እንጂ ሲያስቡ በክንድ ነው። ደብተሬን ዘርግቼ ሲያዩኝ «ምንድን ነው ይህ?» አሉኝ። አስረዳኋቸው። «ለምን ይጠቅማል?» አሉ። መልስ አጣሁ። ሰባት አገሮች ተሰብስበው የጠየቁትን ጥያቄ ለምን እንደሚጠቅም መናገር አለመቻሌ አሳፈረኝ።

ስለዚህ በሚገባቸው መንገድ ለማቅረብ ሞከርኩ። «አባባ፥ ሁለት ጣቃ አለ እንበል። አንዱ 67 ክንድ፣ ሁለተኛው 45 ክንድ ነው። ሁለቱንም ምንም ሳያስተርፍ ልክ የሚጨርስ መለኪያ እንጨት ይገኛል ወይ? እንጨቱ በሙሉ ክንድ የተቈረጠ ነው፤ አንድ ክንድ እንዳይሆን ብቻ» አልኳቸው።

ብርም ሆነ ወረቀት አልያዙም። እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘርግተው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ እንዲህ አሉ፦ «ጎን ለጎን አንጥፋቸው። አንዱ ከሌላው በ22 ይረዝማል። እንጨትህ ሁለቱን ከጨረሰ ይህን ትርፉንም መጨረስ አለበት። አሁን ያን 22 በትንሹ ጣቃ ላይ ሁለት ጊዜ ለካ፤ 44 ሆነ። ስንት ቀረ? አንድ። እንጨትህ ይህንም መጨረስ አለበት። እንግዲህ እንጨትህ አንድ ክንድ ነው፤ ሌላ እንጨት የለህም።»

በድንጋጤ ደብተሬን አነሣሁ። ሀ 3 መሆኑ ቀርቶ ማንኛውም ቁጥር ቢሆን፥ ትልቁ ከትንሹ የሚበልጠው በ7ሀ + 1 ነው። የርሱ ዕጥፍ 14ሀ + 2 ነው። ትንሹ ደግሞ 14ሀ + 3 ስለ ሆነ የሚቀረው ምንጊዜም አንድ ብቻ ነው። በአንድ ሺህም በአንድ ሚሊዮንም ቢሞከር ያው አንድ። ጓደኛችን ሃያ ጊዜ የደከመበትን፥ የሸማ ነጋዴ ሁለት ጊዜ በማንጠፍ ጨረሰው። ኋላ ለመምህራችን ባጫውታቸው፥ ይህ ዘዴ ኤውክሊድ የተባለው ግሪካዊ ከ2000 ዓመት በፊት የጻፈው መሆኑንና እርሱም ቁጥርን በመለካት አምሳያ እንደ ተናገረ ነገሩኝ።

ሻይ ከመጣ በኋላ አያቴ የልጅነታቸውን የቄስ ትምህርት አስታወሱ። «በባሕረ ሐሳብም እንዲህ ያለ ነገር አለ» ብለው የ2016 ዓ.ም.ን በቃላቸው አወጡልኝ። በ5500 ላይ 2016 ሲደመር 7516 ነው፤ ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 10 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 110፤ በሠላሳ ሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴው 20። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ 190፤ ሲገደፍ መጥቅዑ 10። «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ምንጊዜም 30 ናቸው፤ ዐሥር አመት ቍጠር፣ መቶ አመት ቍጠር» አሉኝ። እኔም በድፍረት «ለምን?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ሥርዓቱን ከሰባ ዓመት በፊት ተምረውታል፤ አንድ ቀንም አልተሳሳቱበትም፤ ለምን ብሎ የጠየቃቸው ግን አልነበረም። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም አሰብን። ከዚያ እኔ 11 እና 19ን ደመርኩ። ሠላሳ! ወንበሩን በ11 ማባዛትና በ19 ማባዛት ተደምሮ ወንበሩን በ30 እንደ ማባዛት ነው፤ ስለዚህ በሠላሳ ሲገደፍ ምንም ሊተርፍ አይችልም፤ ሁለቱ ቀሪዎችም እያንዳንዳቸው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው 30 ብቻ ሊሆን ይችላል። ወንበሩ ባዶ በሆነበት ዓመትስ ብዬ ብጠይቃቸው፥ መጥቅዑ 30 ተብሎ እንደሚያዝ ነገሩኝ፤ ያም ሒሳቡን አላፈረሰውም። አያቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጠው «ለዚህ ነው እንዴ!» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ለምን ይጠቅማል ብለው አልጠየቁኝም።

እነሆ እንግዲህ የዚህ ውድድር ጥያቄዎች ከክፍል ፈተናችን የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። የኛ ፈተና «ስንት ነው?» ይላል፤ ከአራቱ ምርጫ አንዱን ማጥቆር ይበቃል። የዚያ ፈተና ግን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ይላል፤ መልሱም ነጭ ወረቀት ላይ በቃላት ይጻፋል። በመርካቶ የሚያድግ ልጅ ስንት ነው ለሚለው መልስ ቸግሮት አያውቅም፤ ከመደብሩ ባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ሲደምርና ሲቀንስ ነው የሚውለው። ለምን የሚለውን ግን ካልጠየቁት ራሱ ላይጠይቅ ይችላል፤ አያቴ ሰባ ዓመት እንዳልጠየቁት። እርግጥ ነው፥ ለዚህ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ቅዳሜና እሑድ ሱቅ ለሚውል ተማሪ ለአንድ ጥያቄ ሦስት ቀን መስጠት ቀላል አይደለም። ወላጆች ይህን ገጽ የምታነቡ ከሆነ፥ ልጃችሁ ደብተሩን ከፍቶ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ሥራ ፈት መስሎ አይታያችሁ።

የሒሳብ ክበባችን ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ጀምሯል። በየሰኞው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ጥያቄ ይለጠፋል፤ መልሱን ያመጣ ተማሪ ስሙ በሚቀጥለው ሰኞ ከአሠራሩ ጋር ይወጣል። ፎቶግራፍ ለማውጣት ገና ገንዘብ የለንም። ይህን በምጽፍበት ሳምንት በሩ ላይ ያለው በ1894 የሀንጋሪያውያን የመጀመሪያ ውድድር ላይ የቀረበው ነው፦ ሀ እና ለ ሙሉ ቁጥሮች ሲሆኑ፥ 2ሀ + 3ለ ለ17 ያለ ቀሪ ከተካፈለ 9ሀ + 5ለም እንደሚካፈል፥ ሁለተኛው ከተካፈለም የመጀመሪያው እንደሚካፈል አረጋግጡ። እስከ ዐርብ ድረስ መልስ ያመጣ አልነበረም። ወረቀቱን ገልብጬ ለአያቴ ወስጄላቸዋለሁ።